መላእክት በድሪቶ ላይ

የዳባትን ብርድ የማያውቅ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ይሻለዋል። አክስቴ እዚያ ነው ያለችው። ዕድሜዋን ሲጠይቋት «ጣሊያን ሲወጣ ዳዴ እል ነበር» ትላለችና እናንተው አስሉት። ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ የምትኖረው የልጅ ልጇ አንድ ትልቅ ጥቅል በመንገደኛ እጅ ላከችላት። ከጎንደር ዳባት ድረስ ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ጥቅሉን ስንፈታው ከላዩ ላይ ብጥስጣሽ የሚመስል ነገር ታየ፤ አንዱ ቁራጭ ቀይ፣ አንዱ አበባማ፣ አንዱ ባለመስመር፣ ሁሉም በመርፌ የተያያዘ። አክስቴ በጣቷ ነካካችው። ጠርዙን አንስታ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ይኸ ምንድር ነው?»

«ብርድ ልብስ ነው። በእጇ ሰፍታ ነው የላከችልሽ።»

«ድሪቶ አይደለም እንዴ? አሜሪካን ድረስ ሄዳ ድሪቶ ትላክልኝ?»

እንግዲህ ድሪቶ ማለት ለኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የድሀ ልብስ ነው፤ እራፊ በእራፊ ላይ ተጥፎ ተጥፎ መጀመሪያ የነበረው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ የሚጠፋበት። ድሪቶ በክብር የሚለበሰው ባሕታዊ ሲለብሰው ብቻ ነው፤ እሱ ዓለምን ንቆ ነው። አክስቴ ግን ዓለምን አልናቀችም። ጥሩ ጋቢ ትወዳለች።

ጨርቁን ሙሉ ለሙሉ ስንዘረጋው ነገሩ ተለወጠ። ከመሃሉ፣ ክንድ ተኩል የሚያህል ቦታ ላይ፣ ክንፍ ያላቸው ፊቶች ተደርድረው ቁልቁል ያያሉ። ትልልቅ ዓይን፣ ጥቁር ቅንድብ፣ አንገት የሌለው ራስ። አክስቴ እጇን ሰበሰበች።

«እነዚህ የኛዎቹ አይደሉም እንዴ?»

የኛዎቹ ናቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ነው። ልጅቱ ፎቶውን አግኝታ፣ ጨርቅ ላይ ለሚያትሙ ሰዎች ልካ፣ በጥጥ ጨርቅ ላይ ታትሞ በፖስታ መጥቶላት፣ ዙሪያውን በቁርጥራጭ ከብባ ሰፍታዋለች። ሦስት ወር እንደፈጀባት ጽፋለች። ይህን ሁሉ ለአክስቴ አስረዳኋት። ሰማችኝና፣

«እና እግሬን በመልአክ ፊት ልጠቅልል?» አለች።

አጥፋ ከሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ሳቅሁ። ወደ ጎንደር ስመለስ ግን፣ አምባ ጊዮርጊስን ሳላልፍ፣ ሳቁ ጠፋብኝ።

ነገሩን ላላየ ሰው ላስረዳ። ፈረንጆች ኩዊልት የሚሉት ሦስት ድርብ ነው፤ ከላይ የተቀጣጠለ ጨርቅ፣ ከመሃል የተነደፈ ጥጥ ወይም ሱፍ መሰል ነገር፣ ከታች ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው በላያቸው ላይ የሚሮጠው ስፌት ነው። ፓነል የሚሉት ደግሞ አንድ ሙሉ ሥዕል የታተመበት ቁራጭ ነው፤ ከመሃል ይገባና ሌላው በዙሪያው ይሰፋል። ዛሬ በዲጂታል ማተሚያ የፈለጉትን ፎቶ፣ አንዲት ቅጂ ብቻም ቢሆን፣ ማሳተም ይቻላል። ቀለሙ ለፖሊስተር ከሆነ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይታተምና 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ተጭኖ፣ ተንኖ ክሩ ውስጥ ይገባል። ጥጥ ግን ይህን አይቀበልም፤ ሌላ ዓይነት ቀለም፣ ከዚያ እንፋሎት፣ ከዚያ እጥበት ይፈልጋል። ጥጥ ድሮም ኩሩ ነው።

በዚህ ሥራ የተካኑት ሴቶች በፓነል ነገር ይከራከራሉ አሉ። «የታተመ ሥዕል ከመሃል አስቀምጦ ዙሪያውን መስፋት ምን ሙያ ነው?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ግን ኮምፒዩተር ያመጣው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1810 የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ ሦስተኛን የ50ኛ ዓመት ንግሥና የሚያስታውስ ጨርቅ ታትሞ ወጥቶ ነበር፤ ሴቶች እየገዙ ከአልጋ ልብሳቸው መሃል ሰፉት። በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ ደግሞ የተቀጣጠለ የሚመስል፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታትሞ የወጣ ጨርቅ መጣ። ስሙን «የአታላይ ጨርቅ» አሉት። ስም ማውጣትስ እነሱም ያውቁበታል።

አክስቴን ያስቆጣት ግን ሙያ አልነበረም። የእሷ ጥያቄ ሥዕል ከጨርቅ ላይ ሲሆን ቦታው የት ነው የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የጎንደር ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ምክንያቱም ጎንደር ሥዕሏን በጨርቅ ላይ የሠራች ከተማ ናት።

ብዙ ሰው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕል በግድግዳው ልስን ላይ የተሳለ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የምናየው ጨርቅ ነው። የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በብዛት የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ የጥጥ ሸማ ይቀርባል፣ ሸማው ጎን ለጎን ተሰፍቶ ይሰፋል፣ ተለጥጦ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሸማው ለምን እንደሚሰፋ ሽመና ያየ ሰው ያውቃል። የኛ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ነው የሚወረውረው፤ ስለዚህ የጨርቁ ስፋት ከሸማኔው ክንድ አይበልጥም፤ ከአንድ ሜትር በታች ነው። ጋቢያችሁን አንስታችሁ እዩት፣ ከመሃሉ ስፌት አለ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ደግሞ የሸማኔ ክንድ አይበቃውም። ስለዚህ መላእክቱ፣ ሰማዕታቱ፣ ፈረሰኞቹ ሁሉ የተሳሉት በተቀጣጠለ ጨርቅ ላይ ነው። ድሪቶ ላለማለት ነው እንጂ!

(በነገራችን ላይ የድሮ ሰው «ጻፈ» ለማለት «ጣፈ» ይላል፤ መጽሐፉንም «መጣፍ» ይለዋል። እራፊ መጣፍም መጣፍ ነው። ቋንቋ አስተማሪ ሆኜ ሃያ ምናምን ዓመት በዚህ ቃል ሳልፍ አንድም ቀን አልገረመኝም፤ አሁን ነው የገረመኝ።)

የመቀጣጠሉ ልማድ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ አላበቃም። ቶሮንቶ በሚገኘው የኦንታሪዮ ሮያል ሙዚየም ውስጥ ያለው፣ በጎንደር ዘመን የሚመደበው ታላቁ የሐር መጋረጃ ከላይ እስከ ታች አምስት ሜትር ያልፋል፤ ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው አንድ የሆነው። አቡጀዲ ከባህር ማዶ ከገባ በኋላ ደግሞ ለገበያ የሚሥሉት ሰዓሊዎች ጨርቁን በአራት ማዕዘን ከፋፍለው የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ይደረድሩታል። ከሩቅ ሲያዩት ከአሜሪካኗ ልጅ ሥራ በምን ይለያል?

ጨርቁን ማን ሸመነው? ይህን ስጠይቅ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በጎንደር በሽመና ከሚታወቁት ሰዎች ዋነኞቹ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። አጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ (1667–1682 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በ1668 እ.ኤ.አ. ጉባኤ ጠርተው ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ በየሠፈሩ እንዲኖር ያዘዙ ንጉሥ ናቸው፤ እስላም ቤት ይባል የነበረው የዛሬው አዲስ ዓለም የዚያ ዘመን ትዝታ አለበት። እኚሁ ንጉሥ ናቸው አባ እንጦንስን ያሠሩት። ሰዎቹን በአዋጅ ለዩዋቸው፤ ሸማው ግን ገበያ ወጣ፣ ተሸጠ፣ ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ መልአክ ተሳለበት። ድርና ማግ አዋጅ አይሰማም። በየግድግዳው ላይ ከቅዱሳኑ ጀርባ የሌላ ሃይማኖት ሰው ድካም እንዳለ ማሰብ እኔን ደስ ይለኛል። ደስ የማይለው ካለ ደግሞ ሄዶ ስፌቱን ይይ።

አሁን «ህትመት የሚባል ነገር ሥዕላችንን አበላሸው» ለሚሉ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልበል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ህትመት ጎንደር የገባው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመ ባለሥዕል ወንጌል ነበር፤ የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች ከዚያ መጽሐፍ የሥዕሉን አቀማመጥ ቀድተዋል። «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የምንላት፣ በየቤታችን የምንሰቅላት እመቤታችንም መነሻዋ ሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ያለችው ሥዕል ናት፤ ያመጧት ኢየሱሳውያን ናቸው። አጼ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ሥዕሏን ግን አላባረሩም። ቀረች፤ የኛን ዓይን አወጣች፣ የኛን ቀለም ለበሰች፣ ከጊዜ በኋላ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ጠፋ።

ቅጂ በራሱ ነውር አይደለም ማለቴ ነው። ሰዓሊው ቀዳ፤ ሲቀዳ ግን እጁ አልታሰረም፤ ፊቱን ወደኛ አዞረው፣ ዓይኑን አሰፋው፣ ጀርባውን በቀይና በቢጫ መስመር ሞላው። ህትመቱ የመጣው ባዶ ወደነበረ ግድግዳ ነው። ማንንም አላስነሳም። መከራው የሚጀምረው ቅጂው የዋናውን ወንበር ሲጠይቅ ነው። ይህ ደግሞ በጎንደር በዓይን የታየ ታሪክ ነው።

ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1924 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። መሪው ማርሴል ግሪዮል ነበር። ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ የየዕለቱን ውሎ ይመዘግብ ነበር፤ መዝገቡ በ1934 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል። ጎንደር ላይ ወደ አምስት ወር ሰነበቱ። በዚያ ጊዜ ዓይናቸው አባ እንጦንስ ላይ ዐረፈ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንደተሳለ የሚገመተው ሥዕል ላይ። ሥዕሉ በዝናብና በእርጅና እየጠፋ ነው አሉ። እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ የኛን የቤተ ክርስቲያን ጣራ እናውቀዋለን። መፍትሔውስ? ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሰዓሊ አብሯቸው አለ። እሱ አዲስ ሥዕል ይሥላል፤ አዲሱ ይሰቀላል፤ አሮጌው ይነሳል። ካህናቱ ተስማሙ። አሮጌው ሥዕል ከግድግዳው ተላቆ፣ ተጠቅልሎ፣ ፓሪስ ገባ። 60 ካሬ ሜትር ይህላል።

ጨርቅ ባይሆን ኖሮ ይሄዳል? ድንጋይ ላይ የተሳለ ቢሆን ግድግዳውን ማፍረስ ነበረባቸው። ጨርቅ ግን ይላቀቃል። ለመለጠፍ የተመቸው ነገር ለመንቀልም ተመቸ።

እነዚያን ካህናት ስወቅሳቸው ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ግን ራሴን በነሱ ቦታ አስቀምጣለሁ። ቀለሙ የፈዘዘ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ እርጥበት የበላው ጨርቅ ከፊትህ አለ። አንድ ሰው መጥቶ «አዲስ፣ ደማቅ፣ ያው ቅዱስ፣ ያው ታሪክ፣ በነጻ» ይልሃል። ለሚሰግደው ሰው ያው መልአክ ነው። ምን ትላለህ? ካህኑ ሥዕሉን የሚያየው እንደ ቅርስ አይደለም፤ የጸሎት ቤቱ ልብስ ነው፤ ልብስ ሲያረጅ ይቀየራል። ግሪዮል ደግሞ ዕቃውን የሚያየው እንደ ቅርስ ነው። አንዱ ሌላው የማያየውን ያይ ነበር። ዋጋውን አሳምሮ ያወቀው ግን ወሳጁ ነው፤ ገበያ ላይ ይህ ምን እንደሚባል ነጋዴ ይነግራችኋል።

ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው፤ ሙዚየሙ የተከፈተው በሰኔ 1998 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ያው ሙዚየም የዚያን ጉዞ ነገር መልሶ የሚመረምር ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶ ነበር፤ አፍሪካውያን ተመራማሪዎችም ተሳትፈውበታል። ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶም ቢሆን «እንዴት ነበር የወሰድነው?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚያ ሄዶ ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ነበር፤ ከሥሩ «መምህር፣ የጎንደርን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ፓሪስ ነው» ብሎ ጽፏል። የጎንደር ልጅ ነው!

በሱ ለመፍረድ ቸኩዬ ነበር። ኋላ የራሴን አስታወስኩ። ጎንደር ማስተማር የጀመርኩ ጊዜ ቢሮዬ ውስጥ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት የታተሙበት ትልቅ ፖስተር ነበር። ከፊት ለፊቴ ነው የሚያዩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቢሮዬ በእግር ይደረሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቼ ያየሁት በአራተኛው ዓመት ነው፤ እሱም ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶብኝ። ለምን ቢሉ፣ አየኋቸው ብዬ ነዋ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል፤ ንቦች ናቸው ያዳኑት ይላል ሕዝቡ። ከኔ ከመምህሩ ፖስተር ግን የሚያድነው ንብ አልነበረም።

አሁን ወደማልወደው ጉዳይ ልግባ። ስሙን የማልጠራው አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከዳባት ብዙ አይርቅም። ከአክስቴ ዘንድ ስመለስ ከአንድ ወዳጄ ጋር ጎራ አልን። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ከምሥራቅ በኩል በስተቀር ግድግዳው ሁሉ በባነር ተሸፍኗል። ባነሩ ሆቴል በር ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚጻፍበት ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ጊዮርጊስ አለ፣ ሚካኤል አለ፤ መልካቸው ፈረንጅ፣ ቀለማቸው ዓይን ይወጋል። ከአንዱ ጥግ የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ሳይቀር አለ።

«ከጀርባው ምን አለ አባቴ?» አልኳቸው ቄሱን።

«አሮጌው ነዋ ልጄ። ጣራው ያፈስሳል። ቆርቆሮ ለመለወጥ ብር ስንለምን አንድ ምእመን ይኼን አሳትሞ አመጣልን። ደስ አይልም?»

ደስ ይላል አልኩ። ምን ልበል? ጠርዙን ገለጥ አድርጌ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ከባነሩ ኋላ የሻገተ ሽታ አለ፤ ፕላስቲኩ እርጥበቱን ይዞ አፍኖታል። አሮጌው ጨርቅ ከግድግዳው ተላቅቆ እንደ ከሲታ በሬ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ግማሽ ፊት አየሁ፤ አንድ ዓይን፣ ትንሽ ቀይ። ከፊቱ ጎን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስፌት አለ። ጥቅጥቅ ያለ የእጅ ስፌት ነው፤ ሁለት የሸማኔ ክንድ የሚያገናኝ። ክሩ አልተበጠሰም። ሥዕሉ እየረገፈ፣ ልስኑ እየፈረሰ፣ ስፌቱ ግን ይዟል።

ባነሩ የመጣው ለቆርቆሮ የተለመነው ብር ሆኖ ነው። ምእመኑን አልወቅስም፤ ከልቡ ነው የሰጠው። ግን ባነሩ ከተሰቀለ ወዲህ ስለ ጣራው የሚያነሳ ሰው የለም፤ ግድግዳው አምሯላ። አባ እንጦንስ ላይ ቢያንስ አሮጌው ተጠቅልሎ ደረቅ ቤት ገባ። እዚህ የሚወስደው የለም፤ ቅጂው ፊቱ ላይ ቆሞለት ቀስ ብሎ ይበሰብሳል። ወዳጄና እኔ ኪሳችን ያለውን ለቆርቆሮ ብለን ሰጠን። አንድ ቅጠል ቆርቆሮ የሚገዛ አይመስለኝም።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያም ያው ነገር ነው። ጥለቱ የታተመበት የሀበሻ ቀሚስ ተደርድሯል፤ ከሩቅ ጥበብ ይመስላል፣ ሲያገላብጡት ጀርባው ነጭ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። የደመወዝተኛ ሚስት እሱን ብትገዛ አልፈርድባትም። ሸማኔው ግን በእጁ የሚሠራውን ጥለት በህትመት ዋጋ ሊሸጥ አይችልም።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ለጥምቀት ዳባት ስሄድ ጥቅሉ ከሳጥኑ ላይ የለም። «የት አደረስሽው?» አልኳት። ወደ ግድግዳው አመለከተችኝ። መላእክቱ ከአልጋዋ ራስጌ፣ ከምስለ ፍቁር ወልዳ ጎን፣ አራቱ ማዕዘን በሚስማር ተመትተው ቁልቁል ያያሉ። ስፌቱን አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ፈትታ ነው ያወጣቻቸው፤ አንድ ክር አልቆረጠችም፤ ክሩን ራሱን እንዝርት ላይ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። አልጋው ላይ ደግሞ ያ ድሪቶ ተዘርግቷል። መሃሉ ላይ መላእክቱ በነበሩበት ቦታ ከአሮጌ ጋቢዋ የተቆረጠ ነጭ ጨርቅ ገብቷል። የጋቢው መሃል ስፌት ሳይቀር ይታያል።

«ይሞቃል?» አልኳት።

«ይሞቃል እንጂ! ልጅቱ ሙያ አላት» አለች።

ማታ ልጅቱ ደወለች። በስልኩ ካሜራ አልጋውን አሳየኋት። መጀመሪያ ዝም አለች።

«እማማ፣ መላእክቱን ምን አደረግሻቸው?»

አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ ግን ጣቷ ካሜራው ላይ ነበር፣ ለልጅቱ ጨለማ ነው የታያት። «ከቦታቸው ናቸው ልጄ» አለቻት። «ሌላ ጊዜ ስትልኪ መሃሉን ክፍት አድርገሽ ላኪልኝ፣ እሱን እኔ እጥፈዋለሁ።»